የእትዬ ውዴ ዶማ

በረዶ እንዴት እንደሚፈጠር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ማስረዳት እችላለሁ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ የውሃ ጠብታው ይቀዘቅዛል፤ ሊወርድ ሲል ነፋስ መልሶ ያወጣዋል፤ እንዲህ እየተነባበረ ይከብድና መጨረሻ ላይ መሬት ይወድቃል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ይህንን ትምህርት በየዓመቱ እሰጣለሁ። ከዚያ ክረምት ወዲህ ግን እዚህ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል። ተማሪዎቼ ለምን እንደሆነ አያውቁም። ለእናንተ ልነግራችሁ ነው፤ ስለ ራሴ ደግ ነገር የምትሰሙበት ወሬ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። የሰኔን ፈተና አርሜ፣ ውጤት አስገብቼ ስጨርስ፣ ክረምቱን እንደወትሮው ኪራይ ቤቴ ተኝቼ ስልክ ስነካካ ከምከርም ለምን አጎቴ ዘንድ አልወጣም አልኩ። የእናቴ ወንድም አያ ደምሌ የሚኖረው ጮቄ ተራራ ወገብ ላይ ነው። የመንደሩን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። ከማርቆስ በሚኒባስ ተኪዶ፣ ከዚያ አቀበቱ በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እዚያ ጤፍ አይበቅልም። ገብስና ድንች ነው፤ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት በየጓሮው አለ። በክረምት ጉሙ ከደጃፍ የሚነሳው ረፋዱ ላይ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይነሳም፤ ሰው ሁሉ የበግ ጠጉር ባና ተከናንቦ ይውላል።

አያ ደምሌ ሲቀበለኝ መጀመሪያ ያየው ጫማዬን ነበር።

“በዚህ ጫማ ነው ክረምት ልትከርሚ የመጣሽ?”

“ቦቲ ይዣለሁ፤ ሻንጣ ውስጥ ነው።”

“ጥሩ! ገበሬ መጥቶልሻል፣ ውጪና ተቀበይ!” ብሎ ሚስቱን ተጣራ። እትዬ ጥሩ እየሳቀች ወጥታ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ።

አጎቴ ቀልድ ይወዳል። ግን የመንደሩ ሽማግሌም ነው። ሰው በድንበር ሲጣላ፣ ከብት ማሳ ሲገባ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚጠራው እሱ ነው። ለፍርድ ሲቀመጥ ቀልደኛውን ሰውዬ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

በማግስቱ ጓሮ ወሰደኝና ግንቦት ላይ ከተከለው ድንች አራት መስመር ከፍሎ ሰጠኝ። “እነዚህ ያንቺ ናቸው። አርሚያቸው፣ ኮትኩቻቸው፣ አፈር አስታቅፊያቸው። ሲደርስ ከአራቱ መስመር ሙሉ ጆንያ ካወጣሽ፣ እኔ ራሴ ማርቆስ ድረስ አመጣልሻለሁ። ካላወጣሽ ግን ዕድሜ ልክሽን ‘ከተሜ’ እያልኩ ነው የምጠራሽ።”

ነገሩ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን የምር ያዝኩት። እልኸኛ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ‘አትችይም’ ከመባል የበለጠ የሚያቃጥለኝ ነገር የለም።

የጓሮ ሥራ ያስተማረችኝ ግን አጎቴ ሳይሆን ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ናት። አጥራችን አንድ ነው። ስድሳን የተሻገረች፣ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጇን ሩቅ አገር ድራ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። አንድ ማሳ ገብስና የጓሮ ነጭ ሽንኩርት አላት፤ በሬ የላትም። ማሳዋን የሚያርስላት የመንደሩ ደቦ ነው፤ ተራዋ ሲደርስ ሰው በሬውን ጠምዶ ይወጣላታል፣ እሷም ባላት ታበላለች፣ ታጠጣለች። ጧት ጧት አጥሩ ላይ ተደግፋ እኔን ማየት ሥራዬ ብላ ያዘች።

“እንደሱ አይደለም፣ ልጄ! አፈሩን አትቆልይበት። እንደ ሕፃን እኮ ነው፤ እስከ አንገቱ ታለብሽዋለሽ እንጂ አፉን ታፍኚዋለሽ?”

“ልክ ነኝ አሁን?”

“አሁን ሰው መሰልሽ።”

ብዙ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገብቼ የተቀቀለ ድንች በተልባ እየበላሁ ተጫውቻለሁ። ወደድኳት። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያደረግሁት ለማላውቀው ሰው እንዳይመስላችሁ ነው።

እዚያ አገር በወሩ ውስጥ መሬት የማይነካባቸው ቀኖች አሉ፤ ግዝት ይሏቸዋል። በግዝት ቀን አይታረስም፣ አይታረምም፣ አይኮተኮትም። ቀኑን ሽሮ ማሳ የነካ ካለ በረዶ ይወርዳል ይባላል፤ በረዶ ደግሞ የአጥፊውን ማሳ ብቻ መርጦ አይመታም። ስለዚህ የአንዱ ጥፋት የሁሉም ጉዳይ ነው። አንድ ማታ እራት ላይ ይህ ነገር ሲነሳ እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ስለ ሞቃት አየርና ስለ ውሃ ጠብታ አስተማርኳቸው። አያ ደምሌ በትዕግሥት ሰማኝ።

“ይሁን፤ ነፋሱ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። ነፋሱን የሚያዘውስ ማን ነው?” አለ።

እትዬ ጥሩ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ የኔ ሳቅ ግን በእነሱ ላይ ነበር።

ሐምሌ አሥርን ሲሻገር ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳያባራ ጣለ። ድንቼ ላይ የነበረውን አፈር አጥቦ ወሰደው፤ እዚህም እዚያም ሥሩ ብቅ ብቅ አለ። አጎቴ ሰኞ ጧት አይቶት ራሱን ነቀነቀ። “ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመራል። ዛሬ አፈር አስታቅፊው። ረቡዕ መጥቼ አያለሁ” አለኝ። ቀኑ ሐምሌ ሃያ ነበር።

የአጎቴ ዶማ ከብዶኝ ስለነበር እትዬ ውዴ ዘንድ ሄድኩ። የሷ እጀታው ቀጭን ነው፤ ለእጄ ይመቻል።

“ውሰጂ” አለችኝ፤ “ግን ነገ ማርያም ናት። ዛሬ ካልደረሰልሽ ከነገ ወዲያ ትቀጥያለሽ። ነገ እንዳትነኪ።”

“እሺ” አልኳት። አንድ መስመር እንኳ ሳልጨርስ ዝናቡ ወረደብኝና ቤት ገባሁ።

ማክሰኞ ጧት ዓይኔን ስገልጥ በበሩ ስንጥቅ ፀሐይ ገብቷል። ከመጣሁ ወዲህ እንዲያ ያለ ቀን አላየሁም፤ ሰማዩ የታጠበ ነው፤ ጉም የለ፣ ዳመና የለ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳል። ከቅዳሴ በኋላ የማርያም ማኅበር ስላለ እስከ እኩለ ቀን የሚመለስ የለም።

“አትነሽም?” አለችኝ እትዬ ጥሩ።

“ራሴን አሞኛል።”

“እኔን! ተኚ በቃ፤ ጠበሉን ይዤልሽ እመጣለሁ።”

ድምፃቸው ሲርቅ ቦቲዬን አጠለቅሁ። እንዳታዝኑልኝ እውነቱን ልናገር፦ ደስ ብሎኝ ነበር የሠራሁት። አፈሩ ለስላሳ ሆኖ እየተቆረሰ ይመጣል፤ መስመሬ እየተስተካከለ፣ ከፍ እያለ ሲሄድ አጎቴ ነገ ሲያይ የሚሆነውን ፊት እያሰብኩ ለብቻዬ እስቃለሁ። ትንሽም አልፈራሁም። ‘ይኸው መሬት ነካሁ፤ ሰማዩ ምን ሆነ?’ ብያለሁ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

አራተኛውን መስመር ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ ከታች የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ከማኅበሩ መመለስ ጀምረዋል። በሩጫ ጨረስኩት። ዶማውን ላጥብ ብል እንስራው ውስጥ ያለው ውሃ ጥቂት ነው፤ ለቦቲዬና ለእጄ ካልሆነ አይበቃም። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ የእትዬ ውዴ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ትቼው ተመለስኩ። አፈሩ እንደተለጠፈበት ነው። እጄን ታጥቤ፣ ቦቲዬን አጥቤ ባናውን ተከናንቤ ተኛሁ። እትዬ ጥሩ ጠበልና ዳቦ ይዛ ገባች፤ ግንባሬን ዳብሳ “ትኩሳትስ የለሽም” አለችኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ዳመናው ከጮቄ ጫፍ ተነሳ። ሲመጣ ጥቁር አልነበረም፤ አመድማ ነበር። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ጠጠር የተወረወረ መሰለ። ከዚያ ወዲያ የምንነጋገረውን አንሰማም ነበር። ሩብ ሰዓት የቆየ አይመስለኝም። ሲያባራ በሩን ከፈትን፤ ደጁ ነጭ ነው። ሊያዘረዝር የተቃረበው ገብስ ከመንደሩ ዳር እስከ ዳር ተኝቷል፤ ድንቹ ግንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ቀዝቃዛ ጎርፍ በየቦዩ ይወርዳል። ከታች አንዲት ሴት ስትጮህ ሰማን፤ ሰው የሞተባት ነበር የምትመስለው።

አያ ደምሌ ደጃፉ ላይ ቆሞ የተኛውን ገብስ አየ። ከዚያ ወደ እኛ ሳይዞር፣ “ማን ነው መሬት የነካ?” አለ። እትዬ ጥሩ አማተበች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አጥፊው አፈር ሳይደርቅ ነው የሚፈለገው። አያ ደምሌ፣ ቄሰ ገበዙና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከመንደሩ ታች ጫፍ ጀምረው ቤት ለቤት እየገቡ ዶማና ማረሻ ማየት ጀመሩ። እርጥብ አፈር ያለበት መሣሪያ የተገኘበት ቤት መልስ ይስጥ ነው ነገሩ። ይህንን ስሰማ ዶማው ትዝ አለኝ።

እኛ ዘንድ እስኪደርሱ ብዙ ቤት አለ። ጊዜ ነበረኝ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። የበረዶ ውሃ በእግሬ ሥር ይወርዳል፤ ዶማውን አንስቼ እዚያው ብነክረው ይበቃ ነበር። ወደ አጥሩ ሄድኩ። እጄን ወደ ቀዳዳው ሰደድኩ። እትዬ ውዴ ከቤቷ ወጥታ በበረዶ የተቀጠቀጠ ሽንኩርቷን ጎንበስ ብላ ስታይ አገኘኋት። ቀና አለች።

“ራስሽን ተሻለሽ፣ ልጄ?” አለችኝ።

“ተሽሎኛል” ብዬ ተመለስኩ።

ሽማግሌዎቹ እኛ ዘንድ መጡ። የአጎቴ ዶማዎች ደረቅ ናቸው። ጓሮውንም አዩት፤ ጎርፉና በረዶው መስመሬን ደፍጥጦ ከሌላው አመሳስሎታል። አለፉ። የእትዬ ውዴ ደጅ ሲገቡ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜያለሁ። ቄሰ ገበዙ ዶማውን ከግድግዳው አንስተው አገላብጠው አዩትና አፈሩን በአውራ ጣታቸው ነኩት።

“ውዴ፣ ይሄ ዶማ የማን ነው?”

“የኔ ነው፣ አባ።”

“ዛሬ መሬት ነክተሻል?”

“እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ አልነካሁም። ሌሊት ገብቼ ቅዳሴ ቆሜ፣ ማኅበር ውዬ ነው የመጣሁ። እርስዎም አይተውኛል።”

“አይቼሻለሁ። ዶማ ግን ብቻውን አይቆፍርም። ሰው ወስዶት ነበር?”

“ወስዶት ነበር።”

“ማን?”

እትዬ ውዴ በአጥሩ አሻግራ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ሰው በር ላይ ቆሞ እስኪከፈትለት እንደሚጠብቀው ነበር የጠበቀችኝ። አሁን እናገራለሁ አልኩ፤ አሁን፣ አሁን።

“የነካው ሰው አፍ አለው” አለች በመጨረሻ። “ራሱ ይናገር። እኔ የሰው ስም ከአፌ አላወጣም።”

አያ ደምሌ አንድ እርምጃ ቀረበ። “ውዴ፣ የሁሉም ሰው እህል ነው የተኛው። የደበቀ እንደሠራ ነው፤ ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ስሙን እስክትጠሪ ድረስ ደጅሽን የሚረግጥ፣ ደቦ የሚወጣልሽ የለም።”

“ይሁን” አለችና ዶማውን ከቄሰ ገበዙ እጅ ተቀብላ ይዛ ገባች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በረዶ የመታውን ገብስ ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ሌላ ዘር ለመጣል ያለው ጊዜ ከሳምንት አይበልጥም። መንደሩ በማግስቱ በሬውን ሁሉ ሰብስቦ የየሰዉን ማሳ በተራ ሊገለብጥ ተነሳ። በሬ የሌላት ሴት በዚያ ሳምንት ደቦ ካልወጣላት ዓመቱን ሙሉ የምትበላው የላትም። እኔ የአንድ ሴት የዓመት እህል አፌ ውስጥ ይዤ ነበር።

ረቡዕ አጎቴ ቃሉን አክብሮ መስመሬን ሊያይ መጣ። በረዶ የቀጠቀጠውን ግንድ በእግሩ ነካ ነካ አደረገና ትከሻዬን ያዘኝ። “አይዞሽ” አለኝ። “ይሄ ያንቺ ጥፋት አይደለም።”

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ግን ውስጤ ነቅዞ ነበር።

ለራሴ የነገርኩትን ልንገራችሁ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ‘ብናገር እኔ በረዶ እንዳመጣሁ አምኛለሁ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው፤ የተማረ ሰው ሐሰትን አያጸናም’ እያልኩ አሰብኩ። በዚህ ሐሳብ ሦስት ቀን በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ። ስምንት ጥማድ በሬ ከማሳ ማሳ ሲዘዋወር አየሁ፤ የእትዬ ውዴ ማሳ ጋ ሲደርሱ ዞረው አለፉ። እሷ ደጇ ላይ ተቀምጣ በሬዎቹን ትቆጥር ነበር። ከሩቅ የሚያልፍ ሰው ሰላም አይላትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ማሳ ሲወጣ በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ውጪ አላለችኝም፣ ተቀመጪም አላለችኝም።

“እትዬ ውዴ፣ በረዶ እኮ በዶማ አይመጣም” አልኳት። ሌላ ቃል አጥቼ ነው።

“አይመጣም?”

“አይመጣም። ይሄ በትምህርት የታወቀ ነው።”

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። “እንግዲያው ምን ያስፈራሻል?”

ከፊቷ ያለውን የሽንኩርት ልጣጭ በእጄ ሰበሰብኩ።

“እኔ ጠብቄሻለሁ” አለች። “ማክሰኞ አጥሩ ላይ ጠበቅሁሽ። ረቡዕም ጠበቅሁሽ። ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው፣ አድራ ትናገራለች አልኩ። ማሳዬ ሰኞ ካለፈው አይዘራም፤ ይህንንም ታውቂያለሽ።”

“ለምን አልነገርሽብኝም?”

“የደምሌ እንግዳ ነሻ! እኔ ብናገር ደምሌን በሸንጎ አዋረድኩት። አንቺ ብትናገሪ ግን ልጅ አጠፋች፣ ልጅ ተናገረች ነው። ሁሉም ጥፋቱን በገዛ አፉ ነው የሚናገር፣ ልጄ።”

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። የሚቀጥለውን ቀን ደቦ ሊያከፋፍሉ ነው። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩትን ንግግር ይዤ ቆምኩ።

“አያ ደምሌ፣ ልናገር።”

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሴት ልጅ፣ ያውም እንግዳ፣ እዚያ ቦታ መናገሯ ያልተለመደ ነው።

“የእትዬ ውዴን ዶማ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የማርያም ቀን ድንች የኮተኮትኩት እኔ ነኝ።”

የአጎቴን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ እጁን ነበር የማየው። ዱላውን ይዞ የነበረው እጁ ሲላላ፣ ሲጠብቅ አየሁ። ሲናገር ድምፁ የዳኛው አልነበረም፤ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር።

“ቀኑን ሳታውቂ ነው፣ አይደል?”

በሩን ከፈተልኝ። ማወቅ አለማወቄን እየጠየቀኝ አልነበረም፤ የምወጣበትን እየሰጠኝ ነበር። የተለማመድኩት ንግግር ‘ቀኑን አውቅ ነበር፤ ነግራኝ ነበር’ የሚል ነበረው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“አላወቅሁም ነበር” አልኩ።

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። “ከተሜ ናት እኮ!” “እሷ ምኑን ታውቀዋለች!” “እመቤቴ ትማራት!” አንዳንዶቹም ሳቁ። አንዲት አሮጊት መጥተው እጄን ሳሙኝ። እኔ ደግሞ ቀለለኝ፤ ይህንንም እናገራለሁ፣ ቀለለኝ። ያ ከኔ ላይ የወረደው ሸክም ግን ወዴት እንደሄደ ያየሁት ወዲያው ነው። ቄሰ ገበዙ ከሕዝቡ መሀል እትዬ ውዴን ፈለጓት።

“ውዴ! ለማታውቅ ልጅ የግዝት ዋዜማ ዶማ ስትሰጪ ቀኑን አትነግሪያትም? ያንቺ ዕድሜ ምን ይሠራል?”

እትዬ ውዴ ቆማ ነበር። አየችኝ። አሁንም ጠበቀችኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች።

“አጥፍቻለሁ፣ አባ” አለች።

“አርባ ስገጂ። ማሳሽ ነገ ይታረሳል።”

እዚያው፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሰገደች። ጉልበቷ እንደማይታጠፍላት የጓሮዋን ሽንኩርት ስታርም አይቻለሁ። ከአሥራ አምስት በኋላ እያንዳንዱን ለመነሳት መሬቱን በሁለት እጇ ትገፋ ነበር። እኔ ከሴቶቹ መሀል ቆሜ እስከ አርባ ቆጠርኩ። ማቋረጥ እችል ነበር፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ እችል ነበር።

ሰኞ ማሳዋ ታረሰ፤ ዘሩም ተጣለ። ማክሰኞ እኔ ትምህርት ቤት ተጠርቻለሁ ብዬ ወረድኩ። አልተጠራሁም። አያ ደምሌ አቀበቱ አፋፍ ድረስ ሸኘኝ፤ መንገዱን ሁሉ አንድም አልቀለደም። ስንለያይ፣ “መናገርሽ ጥሩ ነው” አለኝ። እሱ እስከ ዛሬ እውነቱን የተናገርኩ ይመስለዋል። ወይም እንዲመስለው ወስኗል።

ይህ ነገር ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ብዙ ነገር አልላችሁም። ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ተማሪዎቹን አሰልፌ ‘ማን ነው?’ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ላጠፋው ለብቻው መጥቶ የሚነግረኝበት ጊዜ እሰጠዋለሁ፤ አንዳንዱ ይመጣል፣ አንዳንዱ አይመጣም። የሚመጡትን ልጆች ሳይ ግን እቀናባቸዋለሁ። ሰዎች እኔ የማላምነውን ነገር ሲያምኑ ሳይ መሳቅም ትቻለሁ። በረዶው የኔ ዶማ ያመጣው እንዳልሆነ ዛሬም አውቃለሁ። ከበረዶው በኋላ የመጣውን ሁሉ ግን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያንን የሚያስረዳልኝ ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የለም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ እትዬ ውዴ ለጉልበቷ ሕክምና ማርቆስ ወረደች። ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ሰነበተች። እግሯን አጠብኩ፣ አበላኋት፣ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ድፍረት አግኝቼ፣ “እትዬ ውዴ፣ ያን ጊዜ ቀኑን አውቅ ነበር። ነግረሽኝ ነበር። ዋሽቻለሁ” አልኳት፤ አለቀስኩም።

እንጀራዋን ጎርሳ፣ አላምጣ ዋጠች።

“እማውቀውን ነገር ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?” አለችኝ። “የሰሙት እነሱ ናቸው። ለሰሙት ንገሪ።”

ለዚህ ነው ይህንን የጻፍኩት ልላችሁ ነበር። ስጨርሰው ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ እናንተ እዚያ ጥድ ሥር አልነበራችሁም። እትዬ ውዴን አታውቋትም፣ ‘የማታውቅ ልጅ አሳሳትሽ’ ብላችሁ አልገሠጻችኋትም። ለእናንተ መናገር ይቀላል።

ነገ እሁድ ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ እዚያው ይሰበሰባል። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ። ዓምናም በዚህ ሰሞን እዚያው በሩ ሥር ነበር፤ መንገድ ተዘግቷል ብዬ ፈታሁት። መንገዱ ክፍት ነበር።